የፎቶግራፍ ማዕዘኖች ለምን ይጨልማሉ?

የፎቶግራፍ አራት ማዕዘኖች ጠቁረው ስናገኛቸው ብዙውን ጊዜ በብርሃን ማነስ ወይም በካሜራው ብልሽት እናመካኛለን። ይሁን እንጂ መንስኤው የጂኦሜትሪ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ክብ ሌንስ የሚፈጥረው ምስል ክብ ነው፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ግን አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ክቡ ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን ዘንድ ዲያሜትሩ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ካለው ርቀት፣ ማለትም ከሰያፉ፣ ማነስ የለበትም።

ሰያፉን በፓይታጎረስ ቀመር እናገኘዋለን። «ፉል ፍሬም» የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰያፉ 43.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 23.6 በ15.6 ሚሊ ሜትር የሆነው «ኤፒኤስ-ሲ» ደግሞ 28.3 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። ለዚህ ለትንሹ የተሠራና 30 ሚሊ ሜትር ክብ የሚፈጥር ሌንስ በትልቁ ላይ ቢገጠም፣ ማዕዘኖቹ ብቻ ሳይሆኑ የግራና የቀኝ ጠርዞችም ይጨልማሉ። የትልቁ ሌንስ በትንሹ ሴንሰር ላይ ቢውል ግን የሚታየው ትዕይንት ይጠብባል እንጂ ጨለማ አይፈጠርም።

በማይክሮስኮፕ ወይም በቴሌስኮፕ ለምርምር በሚነሣ ምስል ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ሴንሰሩ ያልደረሰውን ብርሃን ኮምፒዩተር መልሶ ሊያመጣው አይችልም። እንግዲህ ሌንስ ካሜራው ላይ ስለገጠመ ብቻ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። ከመግዛታችን በፊት ሁለቱን ቁጥሮች እናነጻጽር።