ጉሽ ጠላ እስኪጠልል

ለፋሲካ የሚቀርብ ጠላ ሥራው የሚጀመረው በዓሉ ገና ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እህሉም፣ ጌሾውም፣ ብቅሉም ከገበያ አይጠፋም፤ አስቸጋሪው ጊዜውን መመጠን ነው። ቶሎ የተከፈተ ጋን ጉሽ ያስቀዳል፣ የዘገየው ደግሞ ይኮመጥጣል።

መጀመሪያ ጋኑ ይዘጋጃል። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ አፉ ይደፋና በወይራ ጭስ ይታጠናል። ብዙ ሰው ይህ ለጠረን ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። ጭሱ ግን ካለፈው ጠላ ተርፎ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን ተሕዋስ ጭምር ያዳክማል። በከተማ ጋኑን የተካው የፕላስቲክ በርሜል ለማጠብ ይቀላል፤ ጭስ ግን አይይዝም፣ ጠላውም ያን ጠረን አያገኝም።

የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በጋኑ ውስጥ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ቀጥሎ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። በመጨረሻ በምጣድ የታመሰው እንኩሮና የጌሾው እንጨት ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ በአንድ ሰፈር ያሉ ባልቴቶች እንኳ በዚህ አይስማሙም።

እዚህ ላይ ዋናው ባለሙያ ብቅሉ ነው። ገብስ ሲበቅል የሚያፈራቸው ኢንዛይሞች ስታርችን ወደ ስኳር ይቀይራሉ። ቂጣው የሚጋገረው፣ እንኩሮው የሚታመሰውም ለቀለምና ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ውሃና እሳት ያላላው ስታርች ለኢንዛይሙ ይገራለታል። ስኳሩን እርሾ ይበላና አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጌሾው ምሬት ይሰጣል፣ ጠላውን ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎችም አንዳንዶቹን ይገታል። በፋብሪካ ቢራ ይህን ሥራ የሚሠራው ሆፕስ ነው።

ድፍድፍ ሲፈላ ጆሮ ወደ ጋኑ ቢያስጠጉ ሲንሿሿ ይሰማል። ጋዙ ገለባውን ወደ ላይ ይገፋውና ፊቱ ላይ ወፍራም ቆብ ይሠራል፤ ቆቡ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም አረፋ ይወጣል። ስኳሩ እያለቀ ሲሄድ ጋዙ ይቀንሳል፣ ቆቡም ይሰምጣል። ያኔ ጋኑ በውሃ ይሞላና አፉ በጨርቅ ታስሮ በጭቃ ይመረጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የማጥለሉ ዋና ክፍል ማንም እጁን ሳያስገባ የሚካሄድ ነው። ምግቡ ያለቀበት እርሾ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ወደ ታች ይወርዳል፤ የእህሉ ብናኝና የጌሾው ስብርባሪም አብሮት ይዘቅጣል። ጋኑ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ተቀምጦ የሚነቀንቀው ካጣ ነገሩ ይፋጠናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ቢራውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡታል፣ ወይም እርሾውን ሰብስቦ የሚያሰምጥ ጄላቲን ይጨምሩበታል። ጠላ ጠማቂዋ ግን ትጠብቃለች። የቸኮለች እንደሆነ ጨርቅ ታነሣለች፤ ችግሩ ጨርቅ ገለባን እንጂ እርሾን አያስቀርም። ሳይዘቅጥ በጨርቅ ያለፈ ጠላ ገለባው የወጣለት ጉሽ እንጂ የጠለለ ጠላ አይደለም።

ጉሽን መናቅ ግን አይገባም። በጎንደር በኩል ኮረፌ የሚባለውን የአገር ቤት መጠጥ ከነድፍርሱ የሚጠጣው ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ያውቃል።

ፊልተር የሚባለው ጠላ ደግሞ ለብቻው ነው። ውሃ ሳይበዛበት ይጠመቃል፣ በጥጥ ጨርቅ ይጠለላል፣ በተከደነ ዕቃም ይቀመጣል። ተራው ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው ፊልተር ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። መጥራቱን አይቶ እንደ ለስላሳ የጨለጠው እንግዳ ነገሩ የሚገባው ሊነሣ ሲል ነው።

ጋን ከተከፈተ ጠላው ብዙ አይቆይም። አየር ሲያገኙ አልኮልን ወደ ሆምጣጤ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ ስለዚህ ጭቃው የሚነሣው እንግዳ ሊገባ ሲል ነው። አቀዳዱም ከላይ ከላይ፣ በቀስታ ነው፤ ጣሳው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የዘቀጠው ሁሉ ይነሣል። ጥሩው ጠላ ካለቀ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ይጨመርና ቀጠን ያለው ቅራሪ ይወጣል፤ ከጠላው ይልቅ እሱን የሚመርጥ ጠጪም አይጠፋም። አተላው ለከብት ይሰጣል።