ቪትዟን በፍሪ አታውርዷት!

እናንተዬ፣ ቶዮታ ቪትዝን «አሻንጉሊት» ብሎ የሚንቃት ስንቱ ነው! እኔ ግን ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደጋግሜ ነድቻታለሁና ልመስክርላት። መሪዋ ቅልል ያለ፣ በጠባብ ቦታ እጥፍ የምትል፣ ነዳጅ ደግሞ የማትሻማ ናት።

ምስጢሯ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ 1999 ስትወጣ ትንሹ ሞተሯ 1 ሊትር፣ ክብደቷም ከ1 ቶን በታች ነበር። ታዲያ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሯ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ከሸዋ ሮቢት ስትመለሱ፣ አራት ሆናችሁ ሽንኩርት ጭናችሁ ጣርማ በር ላይ ብታቃስት አትፍረዱባት።

ጉዱ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። አንድ ወዳጄ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ማርሹን ኒውትራል አድርጎ በፍሪ ለቀቃት። ደብረ ሲናን እንዳለፈ ፍሬኑ ሸተተ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ወለል ነካ። የእጅ ፍሬንና የመንገድ ዳር የአፈር ክምር አተረፉት።

የሚያናድደው ምንም አለመቆጠቡ ነው! ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ኮምፒውተሯ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፍሪ ስትለቋት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ማንዋል ከሆነች በ2ኛ ወይ በ3ኛ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ከ«ዲ» ዝቅ አድርጋችሁ አውርዷት። ሞተሯ ይጩህ፣ ፍሬኗ ይረፍ። የይፋት ማንጎ የትም አይሄድባችሁም!