ኢንዛይም አልባ የግሉኮስ ዳሳሽ

ኢንዛይም አልባ የግሉኮስ ዳሳሽ በደም ወይም በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የግሉኮስ መጠን ያለ ኢንዛይም፣ ግሉኮሱን በቀጥታ በኤሌክትሮድ ላይ ኦክሲዳይዝ በማድረግ የሚለካ ሴንሰር ነው። የኤሌክትሮዱ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው እንደ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት ባሉ የሽግግር ብረቶች ወይም በኦክሳይዶቻቸው ናኖ ቅንጣቶች ነው።

ጥናቱ የሚያተኩረው በስኳር ሕሙማን የዕለት ተዕለት ችግር ላይ ነው። እያንዳንዱ ልኬት አንድ ስትሪፕ ይፈጃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው በወር 60 ስትሪፕ ያስፈልገዋል።

በኢንዛይም የሚሠራው መለኪያ

በየፋርማሲው የሚሸጡት ስትሪፖች ኢንዛይም አላቸው። የዘዴው መነሻ ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ሊዮንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የኢንዛይም ኤሌክትሮድ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉኮስን ወደ ግሉኮኖላክቶን ሲለውጥ ኤሌክትሮኖችን ይወስዳል። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኤሌክትሮዱ ሲደርሱ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት የግሉኮሱን መጠን ያሳያል።

ዘዴው ለግሉኮስ በጣም መራጭ ነው። ሆኖም ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። አብዛኞቹ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ ይመከራል፤ እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ማሟላት ያስቸግራል።

በደጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ባላቸው ስትሪፖች ላይ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ይሻማል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ሽሚያው ይቀንስና መለኪያው ከትክክለኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለሚገኙ እንደ ሳንሱሲ ላሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የስትሪፑን የከፍታ ገደብ ከመመሪያው ማየት ይጠቅማል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚጠቀሙ ስትሪፖች ይህ ችግር አይነካቸውም።

የሽግግር ብረቶች እንዴት ይሠራሉ

ኢንዛይም በሌለው ዘዴ የኢንዛይሙን ሥራ ብረቱ ይሠራል። ለምሳሌ በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ ባለ የኒኬል ኤሌክትሮድ ላይ ሂደቱ በሁለት ደረጃ ይካሄዳል፦

1. ኤሌክትሮዱ ላይ ቮልቴጅ ሲደረግ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮን ለቆ ኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ ይሆናል።
2. ይህ ውሁድ ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይመለሳል።

ኤሌክትሮዱ ውሁዱን መልሶ ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርገው ዑደቱ ይቀጥላል። ግሉኮስ በበዛ ቁጥር ጅረቱ ይጨምራል። መዳብና ኮባልትም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ።

ቀደም ብለው የተጠኑት ፕላቲኒየምና ወርቅ ውድ ናቸው፤ በደም ውስጥ ያለው ክሎራይድም ገጻቸው ላይ እየተለጠፈ ያዳክማቸዋል። ኒኬልና መዳብ በዋጋ ከእነሱ እጅግ ይረክሳሉ።

የናኖ መጠን ጥቅም

ለውጡ የሚካሄደው በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪዩብ ጎናቸው 100 ናኖ ሜትር ወደሆነ ኪዩቦች ቢከፋፈል የብረቱ መጠን ሳይጨምር አጠቃላይ የገጽ ስፋቱ 10,000 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ብረት ብዙ ጅረት ይሰጣል። ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ከግራፊን ወይም ከካርቦን ናኖ ቱቦ ጋር ይደባለቃሉ፤ እነዚህ ኤሌክትሮንን በደንብ ያስተላልፋሉ።

ያልተፈቱ ችግሮች

ዋናው እንቅፋት የፒኤች ጉዳይ ነው። የደም ፒኤች 7.4 አካባቢ ሲሆን ኒኬልና መዳብ በደንብ የሚሠሩት ግን ፒኤቹ 13 በሚጠጋ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ደሙ አስቀድሞ ከአልካላይን ጋር መቀላቀል አለበት፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ዳሳሽ ለመሥራትም ያስቸግራል።

ሁለተኛው መራጭነት ነው። ፍሩክቶስን የመሳሰሉ ሌሎች ስኳሮች፣ አስኮርቢክ አሲድ፣ ዩሪክ አሲድና ፓራሲታሞልም ኤሌክትሮን ሊሰጡ ይችላሉ። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ በጾም የተለካ ደም በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ግሉኮስ ካለው ለስኳር በሽታ ምርመራ መስፈርት ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ የኢንሱሊን መጠንን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይኤስኦ 15197 መስፈርት ግሉኮሱ በዴሲ ሊትር 100 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልኬቶቹ 95 በመቶው ከትክክለኛው ዋጋ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል።

በእነዚህ ምክንያቶች ኢንዛይም አልባ ዳሳሾች በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ደረጃ ላይ ይገኛሉ፤ የቤት ውስጥ መለኪያዎችም አሁንም ኢንዛይም ይጠቀማሉ።