ልጆች ስለ ትምህርት ቤት ውሏቸው እንዲያወሩ ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 ውስጥ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ በአንድ ቀን በርካታ ቋንቋዎችን ይሻገራል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ፈረንሳይኛና አረብኛ ይቀበሉታል፤ ሁለቱም የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ናቸው።

ማታ ወላጅ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ "ደኅና"።

ይህን ዝምታ የየትኛውም አገር ወላጅ ያውቀዋል። ወላጅ ፈረንሳይኛ በማያነብበት ቤት ግን ዋጋው ይከብዳል። የመምህሩ ማስታወሻም ሆነ የስብሰባ ጥሪ የሚደርሰው በልጁ አንደበት ተተርጉሞ ነው። ልጁ ካልተናገረ፣ ትምህርቱ እንደከበደው ወይም በጓደኞቹ እንደሚጠቃ ማወቂያው መንገድ ጠባብ ነው።

ልጆች ለምን ዝም ይላሉ?

አንዱ ምክንያት ድካም ነው። በጂቡቲ ሙቀት ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ከጥያቄ በፊት ውሃ፣ ምግብና ዕረፍት ይሻል።

ሌላው ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ የተማረውን የሒሳብ ወይም የሳይንስ ሐሳብ በአማርኛ የሚገልጽበት ቃል ላይኖረው ይችላል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" በሚባልበት ባህል የልጅ ወሬ ቦታ ሳያገኝ ይቀራል። ጨዋታው ሁሌም በተግሣጽ የሚቋጭ ከሆነ ደግሞ ልጁ መደበቅን ይማራል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮቢን ፊቩሽ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ስላለፈ ነገር የሚጨዋወቱበትን መንገድ ለዓመታት አጥንተዋል። "ማን ነበር? ከዚያስ?" እያሉ ዝርዝር የሚጨምሩ እናቶች ልጆች የገጠማቸውን በተሻለ ሁኔታ ያስታውሳሉ፤ ይተርካሉም።

የቋንቋ ትምህርት ምሁሩ ጂም ከሚንስ በበኩላቸው በአንድ ቋንቋ የዳበረ ዕውቀት ወደ ሌላው እንደሚሸጋገር ያስረዳሉ። ስለዚህ ማታ በአማርኛ የሚደረግ ጨዋታ ለፈረንሳይኛው ትምህርት ስንቅ እንጂ እንቅፋት አይደለም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄውን ያጥብቡት። "እንዴት ዋልክ?" ከማለት ይልቅ "በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?"፣ "ዛሬ ምን አሳቀህ?" ወይም "የትኛው ትምህርት ከበደህ?" ብለው ይጠይቁ።

አስቀድመው የራስዎን ውሎ ያውጉ። ገበያ ወይም ሥራ ቦታ የገጠመዎትን የሰማ ልጅ የራሱን ለመናገር ይቀለዋል።

ቋንቋ ሲቀላቅል አያቋርጡት። የፈረንሳይኛውን ቃል ይናገር፤ ከዚያም ትርጉሙን በአማርኛ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ለአንድ አፍታ አስተማሪው እሱ ይሆናል።

እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ሽንኩርት እየተላጠ ወይም ወደ ሱቅ እየተሄደ የሚደረግ ወሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ ይቀላል።

ውጤቱን በሚዛኑ ይዩት። በፈረንሳይ ሥርዓት ነጥብ የሚሰጠው ከ20 ሲሆን፣ ግማሹ 10 ነው። ከ100 ማየት ለለመደ የኢትዮጵያ ወላጅ 14 ዝቅተኛ ቢመስልም፣ ከ100 ሲሰላ 70 ነው። ያለ ምክንያት የተገሠጸ ልጅ በቀጣዩ ጊዜ ውጤቱን ላያሳይ ይችላል።

መቼ ሊያሳስብ ይገባል?

ተጫዋች የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ካለ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ካለ፣ ደብተሩ ከጠፋ ወይም ከተቀደደ ጉዳዩን ማጣራት ያስፈልጋል። ክፉ ነገር ሲነግርዎ አስቀድመው ይስሙት፤ "አንተስ ምን አድርገህ ነው?" የሚለው ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል።

ትምህርት ቤት ሲሄዱም ፈረንሳይኛ የሚችል የሚያምኑት ጎረቤት ወይም ዘመድ ይዘው ይሂዱ። ልጅ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ሲሆን፣ የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስፈራውን ሊዘለው ይችላል።