ሾፌሩ ሥራ ሲፈታ

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2018 በካሊፎርኒያዋ ማውንቴን ቪው አንድ የቴስላ መኪና፣ ኦቶፓይለት የሚባለው አጋዥ ሥርዓት እንደበራ፣ መስመሩን ስቶ ከአውራ ጎዳናው መከፋፈያ ጋር ተላተመ። ሾፌሩ ሕይወቱ አለፈ። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ በመጨረሻዎቹ 6 ሰከንዶች መሪው ላይ እጅ አልነበረም፤ ፍሬንም አልተያዘም። ስልኩ ላይ ጨዋታ ተከፍቶ ነበር። «ቸልተኛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ይኸው ሰው መኪናው እዚያችው ቦታ ላይ ወደ መከፋፈያው እንደሚያጋድል ከዚያ በፊት አይቶ፣ መሪውን ራሱ አቃንቶ ያውቃል። አደጋውን እያወቀ ከተዘናጋ፣ ችግሩ የጠባይ ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አሽከርካሪዎች በቴክኖሎጂ ከልክ በላይ ተመክተዋል ሲባል ሁሉም አጋዥ በአንድ ላይ መወቀሱ ግን ትክክል አይደለም። በድንገት ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ የአሜሪካ መድን ድርጅቶች የምርምር ተቋም አሳይቷል። ይህ መሣሪያ ሥራውን ለሾፌሩ ትቶ፣ ሲሳሳት ብቻ ይደርስለታል። እንደ ኦቶፓይለት ፍጥነትና መስመር የሚጠብቀው ሥርዓት ግን ተቃራኒ ነው፤ መንዳቱን ራሱ ወስዶ ሰውየውን ዘበኛ ያደርገዋል። ምንም የማይሠራ ሰው ለሰዓታት ነቅቶ መጠበቅ እንደማይችል እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊዛን ቤንብሪጅ ገና እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፋለች። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 30 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ቀና ብሎ ነገሩ እስኪገባው ድረስ መንገዱ ያልቃል።

«ማሽን አይደክምም፣ አይሰክርም፤ መመሪያውም እጅህን ከመሪ አታንሳ ይላል» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። መመሪያው ግን በቂ አለመሆኑን የሚያሳየው፣ በዲሴምበር 2023 ቴስላ የሾፌሩን ንቃት መቆጣጠሪያ እንዲያጠናክር አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹ ለማስተካከያ መጠራታቸው ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ እነዚህን አጋዦች ይዘዋል። መስመር ጠባቂው ካሜራ ደግሞ የሚያነበው አስፋልት ላይ የተቀባውን ቀለም ነው። ቀለሙ በለቀቀበት፣ እግረኛና በግ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ምን ሊያነብ ይችላል? ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ የትኛው አጋዥ ሁልጊዜ እንደሚበራ፣ የትኛው ከተማ ውስጥ እንደሚጠፋ አብሮ ማሳየት አለበት፤ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ከማርሽና ከፍሬን ጎን ይህን ማስተማር ይጠበቅባቸዋል።