ከመተግበሪያው በፊት መምህሯን እንጠይቅ

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቴሌቪዥኑ ገና አዲስ ነበር። መምህራችን ሳጥኑን በቁልፍ ከፍቶ ያበራውና ጥግ ይዞ ይቆማል። ከዚያ በእንግሊዝኛ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ይንበለበላል። እጅ ብታወጣ ማን ያይሃል? ፕላዝማው እንደሆነ አይጠብቅም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ መምህሩ ካቆመበት ተቀብሎ፣ ራሱ ያልተዘጋጀበትን ትምህርት እንዲያስተምር ይጠበቃል።

ዛሬ ሜልቦርን፣ ብሬብሩክ ሆኜ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው። ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ወሬ በተነሳ ቁጥር ያ ጥግ የቆመው መምህር ትዝ ይለኛል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ፕሮግራም ዓላማው በጎ ነበር፤ ብቁ መምህር ባልተዳረሰበት ሁሉ እኩል ትምህርት ማድረስ። ችግሩ ገንዘቡም ሐሳቡም ስክሪኑ ላይ ማለቁ ነው። መምህሩን በሙያው ከማሳደግ ይልቅ ዞር በል አለው።

በወረቀት ላይ ከሆነ መምህሩ አልተረሳም። የትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ (መምህራን በአጭሩ ‹ተሙማ› በሚሉት) እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። እዚህ ቪክቶሪያ ውስጥ አንድ መምህር ምዝገባውን ለማደስ የሚጠየቀው በዓመት 20 ሰዓት ነው። የኛ ሦስት እጥፍ መሆኑ እኮ ነው! ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮቪድና ጦርነት ባለፉበት ዘመን ለዚህ መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ግን የተቆጠረ ሰዓት ሁሉ ክፍል ውስጥ እንደማይደርስ ይናገራል።

ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ ለመተቸት አይደለም። እኔም ተሳስቻለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ለአገር ቤት መምህራን የሚሆን መተግበሪያ ሠርተን ነበር። ቅዳሜና እሁዳችንን ሠዉተን፣ የሚያማምሩ የሥልጠና ቪዲዮዎች ጭነን፣ በኢሜይል መመዝገቢያ አበጅተን፣ ጨርሰን የምስክር ወረቀት ሁሉ አዘጋጀን። ኩራታችን ለጉድ ነበር።

መጀመሪያ የላክሁት ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንደኛ ደረጃ ለምታስተምረው ታላቅ እህቴ ነው። እሷ ከሥራ ስትወጣ እዚህ መሽቷል፤ አመሻሽቼ ደወልኩ። «እታለም፣ አየሽው?» አልኳት። ሳቀች። ለማውረድ ብቻ የሳምንት ፓኬጇን ጨርሶባታል። ኢሜይል የከፈተላት የሰፈር ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን አታውቀውም። ከዚያ ሳቋን አቁማ እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድምዓለም፣ ሥልጠናማ ሞልቷል። እንሄዳለን፣ እንፈርማለን፣ ፎርም ሞልተን ፋይል ውስጥ እናስቀምጣለን። እኔ የቸገረኝ ሌላ ነው። 70 ልጅ ካለበት ክፍል ፊደል ያልለዩትን አሥራ አምስቱን እንዴት ነጥዬ ላግዛቸው? እሱን የሚያሳየኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

እኛ መተግበሪያውን ስንሠራ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው አልጠየቀም። ፕላዝማውን ያመጡት ሰዎች የሠሩትን ስህተት በትንሹ ደገምነው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ እህቴና ባልደረቦቿ መፍትሔውን ራሳቸው ጀምረውት ነበር። በጉድኝታቸው ያሉ ጥቂት መምህራን የቴሌግራም ቡድን አላቸው። አንዷ ክፍል ውስጥ የሞከረችውን በሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ትናገራለች፤ ሌላው ያልሠራለትን ይናገራል፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ድምፁን በሚሞሪ ካርድ መቀባበል ያዙ። የኛ መተግበሪያ ግን ያን ጊዜ አልተከፈተም፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገን አልሠራነውምና።

ታዲያ ሁሉን በስልክ እንጨርሰው ማለቴ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ፣ ምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህራንን በሁለት መንገድ የማገዝ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለአንዱ ወገን አሠልጣኝ ክፍሉ ድረስ እየሄደ አየለት፤ ለሌላው አሠልጣኙ በስልክና በታብሌት ረዳው። በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲለካ ግን በአካል የታገዙት መምህራን ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። ስልክ ሰውን ያቀርባል እንጂ አይተካም።

ስለዚህ ለአገር ቤት ትምህርት አንድ ነገር ለማድረግ የምታስቡ ወገኖቼ፣ በተለይ የሙያ አጋሮቼ፣ ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከመምህሩ ጥያቄ እንጀምር። ኮድ ከመጻፋችን በፊት አሥር መምህራንን «በዚህ ሳምንት ክፍል ውስጥ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የምንሠራው ነገር በርካሽ ስልክ፣ ያለ ኔትወርክ፣ መምህሩ በሚያስተምርበት ቋንቋ ይሥራ። ጽሑፍና ድምፅ ይቅደም፤ ቪዲዮ አጭር ይሁን፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለቁጥጥር አይዋል። መምህር ድክመቱን በግልጽ የሚናገረው የተናገረው ለውጤት መሙያ እንደማይመጣበት ሲያምን ነው። አራተኛ፣ ሰውን አንርሳ። አንድ ሱፐርቫይዘር በወር አንድ ጊዜ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ደርሶ የክፍል ምልከታ እንዲያደርግ የትራንስፖርት ወጪውን መሸፈን ሰርቨር ከመከራየት ሊበልጥ ይችላል። ይህን ማለት ለኔ ለሶፍትዌር ሠሪው ቀላል አይደለም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ደመወዙ ወሩን የማያደርሰው መምህር በቴክኖሎጂ ብቻ እንደማይድንም አውቃለሁ። ያ የመንግሥትም የሁላችንም ዕዳ ነው። ቢሆንም ደመወዝ እስኪስተካከል መምህሩ ብቻውን ይቁም ማለት አይደለም።

እኛ ያንን መተግበሪያ ዘግተነዋል። አሁን የምንሠራው ትንሽ ነገር ነው፤ የእህቴ ቡድን የድምፅ መልእክቶች በርዕስ ተለይተው ያለ ኢንተርኔት እንዲደመጡ የሚያደርግ። «ንባብ ያልጀመሩ ልጆች» የሚለውን ርዕስ የመረጠችው እሷ ናት።

ከእያንዳንዳችን ቤተሰብ አንድ መምህር አይጠፋም። በሚቀጥለው ስትደውሉ ከጤናና ከኑሮ ጥያቄ በኋላ አንዲት ጨምሩ፦ «ክፍል ውስጥ ምን አስቸገረሽ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።