በጥቅምት አንድ ማመልከቻ

አገር ቤት ብርዱ ሲመጣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ሚኒሶታ ለከረመ ሐበሻ ግን አጥንት ብቻውን አያዛልቅም። ጥር ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ የሚወርድበት ሌሊት አለ። ማሞቂያው እረፍት የለውም፤ የጋዝና የመብራት ቢሉም ከቤት ኪራዩ ጋር ተከታትሎ ይደርሳል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ቢል የሚያግዝ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። በአጭሩ «ላይሂፕ» ይሉታል፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ገንዘቡን የሚመድበው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስነው ስቴቱ ነው። የገቢው ጣሪያ ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ ወይም ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ ከበለጠው ሊያልፍ አይችልም። በ2025ቱ የድህነት መስመር ሲሰላ፣ 150 በመቶው ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 48,225 ዶላር ይመጣል። እንግዲህ «እሱ ሥራ ለሌለው ነው» ብሎ የተወው የፓርኪንግ ሠራተኛ ሳያመለክት የቀረው በከንቱ ሊሆን ይችላል። ተከራይም ያመልክት፤ ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር የሚከፈልበትን ቤት ጭምር የሚያግዙ ስቴቶች አሉ።

አንድ ክፉ ነገር አለው። በጀቱ የተወሰነ ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ አያገኝም፤ ካለቀ አለቀ። የፌዴራሉ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ወረቀት የሚሰበሰበውም ያኔ እንጂ በረዶው ደጁን ከዘጋ በኋላ አይደለም።

ችግሩ ቀድሞ ከደረሰስ? ጋዝ ሊቆረጥበት ለተቃረበ ቤት የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አለ። ሕጉ ለሚገባው አመልካች በ48 ሰዓት፣ ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ እንዲሰጠው ያዛል። ቢሉን ፈርቶ ቤት ውስጥ ከሰል ማያያዝ ወይም የጋዝ ምድጃውን ከፍቶ መሞቅ ግን ነፍስ ያስከፍላል። የከሰል ጭስ የሚያደርገውን አገር ቤት ያላየ የለም፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ እንኳ የለውም።

ሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚሠራ የብርድ ወራት ደንብም አላት። ብዙዎች «በክረምት አይቆርጡም» ብለው ይተኛሉ። ደንቡ የሚጠብቀው ግን ለጋዝ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ደውሎ የአከፋፈል ስምምነት የገባንና ስምምነቱን ያላፈረሰን ደንበኛ ነው። ገቢው ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ ከግማሽ ያልበለጠ ቤተሰብ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዲከፍል አይገደድም።

ቢል መክፈል ነፋስ የሚያስገባ ቤትን አይጠግንም። እሱን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለ ሌላ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ባለሙያው የውጭው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ነፋስ የሚሾልክበትን ስንጥቅ ያስሳል፤ ከዚያ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሙቀት በሚይዝ ነገር ይሞላል። ለሚገባው ቤተሰብ በነፃ ነው። ተከራይ ከሆነ ግን አከራዩ መፍቀድ አለበት።